ሦስት ጠብታ፣ ማታ ማታ

ፓይሳንዱ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ከሥጋ ፋብሪካው ጀርባ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሽተኛ ሲወጣ ሲገባ
አይቻለሁ።
የሳንባን ፉጨት በጆሮዬ፣ የጉበትን እብጠት በጣቴ
ለይቼ አውቃለሁ፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል ወረቀቴ፣
ከነማኅተሙ፣ ከነክብሩ፤
በርናቤ ኢሪባረን እባላለሁ፣ ዶክተሩ።

ስለ ካናቢስ ምን ተማርክ? ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤
አንድ ከሰዓት፣ አንድ ገጽ፣ «መርዞች» ከሚለው ምዕራፍ የተቀነጨበው።
መምህራችን ያነብ ነበር፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል፤
እኔም የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፌን አስነካው ነበር፣ በምሳ ስካር ስንገዋለል።

ኋላ አዋጁ ወጣ። ቅጠሉ ከጓሮ ወደ መደርደሪያ ዞረ፤
ፋርማሲው በሕግ ሸጠው፤ ሕዝቡም ሳይጠይቀን ጀመረ።
እኔን የጠራኝ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠራሁ፤
«የወጣቶች ጉዳይ ነው» ብዬ መነጽሬን ወለወልሁ።

ዶን ኤልቢዮ ፌሬይራ፣ ቄራ ውስጥ ቢላ ሲስል ዘመኑን የፈጀ፣
ልቡ ምቷን የሳተች፣ ጉልበቱ ቀድሞት ያረጀ፣
በየወሩ ይመጣል። የደም ማቅጠኛ ክኒን አዝዤለታለሁ፤
ስኳርህ? ጨውህ? ሲጋራህ? ሁሉን እጠይቀዋለሁ።
ሁሉን አልሁ?

ሐምሌ ላይ፣ ጭጋግ ወንዙን ሲሸፍን፣ ሌሊት በመኪና መጣ፤
የአፍንጫው ደም አልቆም ብሎ፣ ጭኑ ላይ የበለዘ ሰንበር ወጣ፤
ደሙ እንደ ውኃ ቀጥኗል። ቁጥሩን ሳይ ከንፈሬ ነጣ።

«ክኒኑን ደርበህ ዋጥክ?» «የለም።» «አስፕሪን?» «የለም፣ ዶክተር።»
«ታዲያ ምን ነካህ?» ዝም። ኮፍያውን አዞረ ከዳር እስከ ዳር።

ልጁ ሮሲና ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች፤
ባለ ካሬ፣ የሒሳብ ደብተር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።
«ሦስት ጠብታ፣ ማታ ማታ። ሰኞ፦ ተኛሁ። ማክሰኞ፦ ተኛሁ።
ረቡዕ፦ አራት ጠብታ። ደረጃውን ሳልደገፍ ወጣሁ።
ሐሙስ፦ ከልጅ ልጄ ጋር ኳስ መታሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»
ሽማግሌው ቀና ብሎ፣ «አልጠየቅከኝም» አለ፤
ቁጣ የለበትም፤ ልክ ሰዓት የጠየቁት ሰው «አራት ተኩል» እንዳለ።
«ደግሞም ሰጋሁ፣ ዶክተር፤ ትቆጣ ይሆናል ብዬ፤
ለጎረቤቴ ለኔሊዳ ያልካትን ሰምቻለሁ በጆሮዬ።»

ያልኳትን አስታወስሁ። «የሱሰኛ ነገር» ብዬ ሸኘኋት፤
ካንሰሯን ይዛ ወጣች፤ ዳግመኛ በሣጥን ነው ያየኋት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው፤
አለማወቁን የደበቀ ሐኪምስ? እሱን ማን ነው የሚያክመው?

ያን ሌሊት ቪታሚን ኬ ሰጥቼው፣ ደሙ እስኪረጋ ጠበቅሁ፤
ጎህ ሲቀድ ኮምፒውተር ከፍቼ፣ እንደ ጀማሪ አነበብሁ፤
ዘይቱና ክኒኑ፣ ጉበት ውስጥ፣ በአንድ በር ይጋፋሉ፤
ዘይቱ በሩን ሲይዝ፣ ክኒኑ መውጫ አጥቶ ይከማቻል ይላሉ።
አንድ ዐረፍተ ነገር! በሠላሳ አንድ ዓመት ያልደረሰኝ፤
ወይስ እኔ ነኝ ያልደረስሁበት? እሱ ነው ዛሬም የሚያምሰኝ።

ዶን ኤልቢዮ ዳነ። ጠብታውን አልተወም፤ እኔም ተው አላልሁትም፤
ክኒኑን ቀነስን፣ ደሙን በየሳምንቱ እንለካለን፤ አሁን አንደባበቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ሞንቴቪዴዮ እወርዳለሁ፤
ልጆቼ ከሚሆኑ ሐኪሞች ጋር የኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤
ዘንድሮ ግን አልተኛሁ።
መምህሯ ልጅ እግር ናት፤ ከሁሉ ይልቅ የወደድሁላት
«ይህን ገና አናውቅም» ስትል ነው፤ ሦስት ጊዜ ቆጠርሁላት።
ለአንዳንድ የሚጥል በሽታ ማስረጃ አለ፣ አለች። ለጉልበት፣ ገና።
ለእንቅልፍ፣ ምናልባት።
«ምናልባት» ብዬ ጻፍሁና ሁለቴ አሰመርሁበት።
ደብተሬ ባለ ካሬ ነው።

ዛሬ ሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ ገባች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።
ስኳሯን ጠየቅሁ፣ ጨዋን፣ ሲጋራዋን።
ከዚያ ብዕሬን አስቀመጥሁ።
«ለእኔ ያልነገሩኝ ጠብታ አለ?»
በሩን አየች። ተነሥቼ ዘጋሁት።
የቦርሳዋ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁት።